አርባ አራትን በእፍኝ ሽምብራ መመርመር

ጎንደር ውስጥ አርባ አራት የሚለውን ቁጥር የምንሰማው መቁጠር ከመቻላችን በፊት ነው። ከተማው "የአርባ አራቱ ታቦት አገር" ይባላል። ልጅ እያለሁ አርባ አራት ማለት "በጣም ብዙ" ማለት ይመስለኝ ነበር። ከአርባ ሦስት ቀጥሎ የሚመጣ ተራ ቁጥር መሆኑን የተረዳሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

ታቦታቱ ለምን አርባ አራት እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይናገሩት። እኔ የማሳያችሁ ቁጥሩን ራሱን ነው። እቤት ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ እየነካችሁ እንዴት እንደምትመረምሩት። ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር ሞክረነዋል። ስድስተኛ ክፍል ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ብሎናል። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብን። ጫማው ጋ ስንደርስ ደግሞ በደንብ ተጨቃጨቅን።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። 44 ፍሬ ሽምብራ፣ ሰፌድ ወይም ትሪ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ አምስት ጥንድ ጫማ። ሽምብራው ጥሬ ይሁን። እኛ የጀመርነው በተቆላ ሽምብራ ነበር። ትንሽ ቆይተን ስንቆጥረው 41 ሆኖ አገኘነው። ማን እንደበላው ሁለታችንም እናውቃለን። 41 ደግሞ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። ለመደርደር አይመችም። እንደገና በጥሬ ጀመርን።

1. እኩል ረድፍ እየሠራችሁ ደርድሩ

ሽምብራውን ሰፌዱ ላይ በእኩል ረድፍ ለመደርደር ሞክሩ። በሁለት ረድፍ 22፣ 22 ይሆናል። በሦስት ረድፍ ሁለት ፍሬ ይተርፋል። በአራት ረድፍ 11፣ 11 እየሆነ ልክ ይገባል። በአምስት አራት ይተርፋል፣ በስድስት ሁለት።

እዚህ ላይ ቁሙ። ሰባትን መሞከር አያስፈልግም። ልጁ "ለምን?" አለኝ፤ ደግ ጠየቀ። ሰባት ጊዜ ሰባት 49 ነው፣ ከ44 ይበልጣል። ስለዚህ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ረድፍ ቢሠራ፣ በየረድፉ የሚኖረው ፍሬ ከሰባት ያነሰ ነው። ያንን ደግሞ ሰፌዱን አዙራችሁ ስታዩት ቀድሞ የሞከራችሁት ሆኖ ታገኙታላችሁ። አራት ረድፍ ባለ 11 ሲዞር 11 ረድፍ ባለ አራት ነው።

ወረቀታችሁ ላይ የሚቀሩት አካፋዮች ስድስት ናቸው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 11፣ 22፣ 44። እስከ መጨረሻው ስትበትኑት 2 × 2 × 11 ይሆናል። አንድ ብቸኛ ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ ሌላው አንድ ጊዜ ማለት ነው። ጎረቤቱ 45ም በዚሁ ሥሪት የተሠራ ነው፤ 3 × 3 × 5። ከእነዚህ በፊት ይህ ሥሪት ያላቸው 12፣ 18፣ 20 እና 28 ብቻ ናቸው፤ ተራርቀው ይኖራሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ የመጀመሪያዎቹ 44 እና 45 ናቸው።

"4 × 11" የሚለውን በትልቁ ጻፉና ክበቡት። ደጋግሞ ይመጣል።

2. አካፋዮቹን ደምሩ

ራሱን 44ን ትታችሁ ሌሎቹን ደምሩ፦ 1 + 2 + 4 + 11 + 22። 40 ይመጣል። ከራሱ አነሰ። አሁን በ40 ላይ ይህንኑ አድርጉ፣ 50 ታገኛላችሁ። 50 ደግሞ 43 ይሰጣል። 43 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከ1 በቀር የሚደመር የለውም። መንገዱ እዚያ አለቀ። ይህን ደረጃ ብትዘሉትም አልቀየምም፤ ድምር የሚወድ ልጅ ካለ ግን ይሥራው።

3. አጥር አጥሩ

ሽምብራውን ባዶ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ደርድሩ። በእያንዳንዱ ጎን 12 ፍሬ ይኑር፣ መሃሉ ባዶ ይሁን። 44ቱ ፍሬ አንድም ሳይተርፍ፣ አንድም ሳይጎድል ይገጥማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ አዘዞ በኩል ጎኑ 11 ሜትር የሆነ ካሬ ቦታ ላጥር ተነሣሁ። በየሜትሩ አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ። በአንድ ጎን 12 ቋሚ ይቆማል፣ አራት ጎን አለ፣ 48 ብዬ ገዛሁ። አጥሩ ሲያልቅ አራት ቋሚ ተርፎ ተጋድሟል። ሠራተኛው ሳቀብኝ። የማዕዘኑን ቋሚ ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ አንዴ ለዚህኛው ጎን፣ አንዴ ለዚያኛው። አራቱ ቋሚዎች የዶሮ ቆጥ ሆኑ።

ትክክለኛው አቆጣጠር ይህ ነው። ከአንዱ ማዕዘን ጀምሩና ቀጣዩ ማዕዘን ከመድረሳችሁ አንድ ቀደም ብላችሁ ቁሙ። 11 ትቆጥራላችሁ። ማዕዘኑ የሚቀጥለው ጎን መጀመሪያ ነው። አራት ጊዜ 11። የተከበበው ቁጥር መጣ።

በሌላ በኩል ሙሉው አራት ማዕዘን 12 × 12 ቢሆን 144 ፍሬ ይፈልግ ነበር። ባዶው መሃል 10 × 10 ነው፤ 100። ልዩነቱ 44። ሁለት ቁጥሮችን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ 44 ለማግኘት ከ12 እና ከ10 ሌላ ጥንድ የለም። ካላመናችሁ ፈልጉ።

4. እንደ ብርቱካን ነጋዴ ከምሩ

ቅዳሜ ገበያ ብርቱካን ሲከመር አይታችኋል። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ፣ ጫፉ ላይ አንድ። ከታች 4 × 4 አድርጋችሁ ጀምሩ፦ 16፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 1። ድምሩ 30። አሁን ይህ ክምር ኩሬ ዳር እንደቆመ ገምቱ። ውኃው ውስጥ ጥላው ተገልብጦ ይታያል። 16ቱን ድጋሚ አትቁጠሩ፤ የውኃው ወለል እሱ ነው። ከሥር 9፣ 4፣ 1 አለ። 14።

30 እና 14፣ 44። ስምንት ገጽ ያለው፣ ከላይም ከታችም ሹል የሆነ ቅርጽ ነው የሚወጣው። ሽምብራ ይንከባለላልና ለመከመር አትድከሙ። ሰባቱን ንብብር ሰፌዱ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉት፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 9፣ 4፣ 1። ዓይን ይገጣጥመዋል።

30 እና 14ን ያዙልኝ።

5. የኔታን ጠይቁ

ዝናቡ ጋብ ሲል የጎረቤት የኔታ ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ተቀምጠው ነበር። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ልጁን ይዤ ሄድኩ።

"የኔታ፣ አርባ አራት እናንተ ሒሳብ ውስጥ አለ እንዴ?" አልኳቸው።

"አለ እንጂ። ግን አይቀመጥም፤ ይገደፋል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕረ ሐሳብ የጾምና የበዓላትን ቀን ማውጫ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን የጨረቃው 354 ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ልዩነት ይመጣል። ይህ 11 ጥንተ አበቅቴ ይባላል። በአራት ዓመት ልዩነቱ 44 ቀን ይደርሳል። 30 ሲሞላ አንድ ወር ነውና ይገደፋል፣ ይጣላል ማለት ነው። 14 ይቀራል። አበቅቴ 14።

በእጃችሁ አውጡት። 2010 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ጨምሩበት፣ ዓመተ ዓለሙ 7510 ይሆናል። ለ19 ስታካፍሉት 395 ጊዜ ደርሶ 5 ይተርፋል። ትርፉ መደብ ነው። ከመደብ አንድ ቀንሱ፤ 4 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዙ። 44። 30 ግደፉ። 14።

ማረጋገጫም አለው። ወንበሩን በ19 ስታባዙት 76 ይሆናል። 30 ሁለት ጊዜ ሲገደፍ 16 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው። 14 እና 16፣ ልክ ነው። ከመጥቅዑ ተነሥታችሁ ብትቀጥሉ የዚያ ዓመት ፋሲካ መጋቢት 30 ላይ ትደርሳላችሁ። ዑደቱ 19 ዓመት ስለሆነ ወንበር 4 ተመልሶ የሚመጣው በ2029 ዓ.ም. ነው።

ልጁ ሰፌዱን አስታወሰ። "ጋሼ፣ 30 እና 14 እኮ የብርቱካኑ ናቸው!" አለ። እውነቱን ነው። ግን ገጠመኝ ነው፤ ጨረቃ ብርቱካን አትከምርም። የኔታ ግን ፈገግ አሉና ዝም አሉ። እሳቸው ገጠመኝ የሚባል ነገር ብዙም አይዋጥላቸውም።

6. ጫማ አደባልቁ

ይህ ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ነው። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

አምስት ሰዎች ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዱ እንበል። እማማ፣ እህቴ፣ ባሏ፣ ልጁና እኔ። ሁላችንም በር ላይ ጫማ አውልቀን ገባን። ገና አልነጋም። አምስቱም ጥንድ ጥቁር ኮንጎ ጫማ ነው፤ ልኩን ተዉት። ስንወጣ እያንዳንዳችን ያገኘነውን አጥልቀን ሄድን። ቤት ስንደርስ አንዳችንም የራሳችንን አላደረግንም። ይህ በስንት ዓይነት መንገድ ሊሆን ይችላል?

ከትንሹ ጀምሩ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከራሱ ጋር አይለዋወጥም፤ 0። ሁለት ከሆኑ መቀያየር ብቻ ነው፤ 1። ሦስት ከሆኑ ጫማው ወደ ቀኝ ይዞራል ወይም ወደ ግራ ይዞራል፤ 2። እስከዚህ በሰፌዱ ፊት ለፊት ጫማ ደርድራችሁ ማየት ትችላላችሁ። አራት ሲሆኑ 9 ይመጣል። ጽፋችሁ ቁጠሩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አምስቱን ግን አንድ በአንድ መጻፍ ያሰለቻል። ስለዚህ እናስብ። መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። የራሴን ካልወሰድኩ ከአራቱ የአንዱን ነው። አራት ምርጫ አለኝ። የእህቴን ወሰድኩ እንበል። አሁን እህቴን ተመልከቷት። ሁለት ነገር ልታደርግ ትችላለች።

የእኔን ከወሰደች ሁለታችን ተቀያየርን፣ ጉዳያችን አለቀ። የቀሩት ሦስቱ እርስ በርስ መሳሳት አለባቸው። ያ 2 መንገድ ነው።

የእኔን ካልወሰደችስ? ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፣ የቀሩት ጫማዎችም አራት። እማማ የራሷን አትወስድም፣ ባልየውም፣ ልጁም። እህቴ ደግሞ የእኔን አትወስድም ብለናል። እንግዲህ የእኔን ጫማ "የእህቴ" ብላችሁ ስም ስጡት። አራት ሰዎች፣ እያንዳንዱ የማይነካው አንድ ጫማ አለው። ይህ ከላይ የቆጠርነው የአራቱ ሰዎች ጉዳይ ነው። 9።

ልጁ "የእሷ ያልሆነውን እንዴት የእሷ እንለዋለን?" ብሎ አልቀበልም አለ። ሩብ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ወረቀት ቆርጠን "የእህቴ" ብለን ጽፈን የእኔ ጫማ ላይ ለጠፍን። ያኔ ገባው። እናንተም ወረቀቷን አትናቁ።

2 እና 9፣ 11። ይህ ለአንዱ ምርጫዬ ነው። ምርጫዬ አራት ነበር። አራት ጊዜ አሥራ አንድ። የተከበበውን ተመልከቱ።

አምስት ጫማ ያለ ምንም ክልከላ በ120 መንገድ ይታደላል። ከ120ው 44ቱ ላይ ሁሉም ሰው ተሳስቷል። ከመቶ 37 ገደማ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ሰው ቢበዛም ይህ ድርሻ አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። የጥምቀት ዕለት የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጫማውን ቢያደባልቅና እንደነገሩ ቢያነሣ፣ "አንድም ሰው የራሱን አላገኘም" የሚለው ዕድል አሁንም 37 ከመቶ አካባቢ ነው። እኔ ወደ ዜሮ የሚወርድ መስሎኝ ነበር።

ጥያቄውን ፈረንሳዊው ፒየር ሬሞን ደ ሞንሞር እ.ኤ.አ. በ1708 በካርታ ጨዋታ መልክ አንሥቶታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት ታላቁ ኢያሱ በተገደሉ በሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

7. ደረጃ ውጡ

ሰባት እርከን ያለው ደረጃ ፈልጉ። ጎንደር ዳገት ነው፣ ደረጃ አይጠፋም። በአንድ እርምጃ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት እርከን መውጣት ይፈቀዳል። በስንት መንገድ ይወጣል? ለአንድ እርከን 1፣ ለሁለት 2፣ ለሦስት 4። ከዚያ በኋላ የፊተኞቹን ሦስት እየደመራችሁ ሂዱ፦ 7፣ 13፣ 24፣ 44። የመጨረሻው እርምጃ ከአንድ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት እርከን በታች ስለሚነሣ ነው ሦስቱ የሚደመሩት። በእግር መሞከር የልጁ ድርሻ ነው። የእኔ ጉልበት አልፈቀደም።

8. አጻጻፉን ከቁጥሩ ለዩ

44 ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ነው። ደስ ይላል። ግን በግእዝ ቁጥር ጻፉት፦ ፵፬። ያ ውበት ወዲያው ጠፋ። ለአርባ አንድ ምልክት፣ ለአራት ሌላ። መንታ መምሰሉ የአጻጻፉ እንጂ የቁጥሩ ጠባይ አልነበረም። በአራት ረድፍ ባለ 11 መደርደሩ ግን በግእዝም ተጻፈ በምን አይለወጥም።

"ደስተኛ ቁጥር" የሚባለውም የአጻጻፍ ጨዋታ ነው። አኃዞቹን በየራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፦ 16 + 16 = 32። ከ32፣ 9 + 4 = 13። ከ13፣ 1 + 9 = 10። ከ10፣ 1። አንድ ላይ የደረሰ ደስተኛ ነው ይሉታል። 45 ግን አይደርስም። በ41 በኩል አልፎ፣ 89 ላይ ሲደርስ መውጫ የሌለው ቀለበት ውስጥ ይገባና እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ይኖራል።

44ን በራሱ አባዙት፣ 1936 ይመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጣሊያን ጎንደር የገባበት ዓመት ነው፤ በእኛ መጋቢት 1928። ደስተኛ ያልነው ቁጥር እንዲህ ዓይነት ዓመትም ይወልዳል። 45ን በራሱ ስታባዙት 2025 ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ2025 ዓ.ም. 45 ዓመት ይሞላዋል፤ ዕድሜው በራሱ ሲባዛ የዓመቱን ቁጥር ይሰጠዋል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ከአሁኑ ንገሩት።

ማታ እህቴ ሽምብራውን ለንፍሮ ልትዘፈዝፍ ስትል ልጁ ቆጠረው። 43 ሆነ። ሰፌዱን አራገፍን፣ ምንጣፉን አነሣን፣ የለችም። በነጋታው ጠዋት ጫማዬ ውስጥ አገኘኋት።